አባባ የገዟት ጥቁር ራሌ

ጎንደር ለብስክሌት የምትመች ከተማ አይደለችም። እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ከፒያሳ ወደየትም ቢኬድ ወይ ቁልቁለት ነው ወይ ዳገት። ባህር ዳር መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ሰው ሥራም ገበያም በሳይክል ይሄዳል። እኛ ጋ ግን ድሮ ጋሪ ነበር፣ ዛሬ ባጃጅ ነው። ሸምገል ያለ ሰው ሳይክል እየነዳ ካለፈ መንገደኛው ዞር ብሎ ያየዋል።

እኛ ቤት ግን ሳይክል ጠፍቶ አያውቅም። ያውም አንዷ ሳይክል። ጥቁር፣ ረጅም፣ እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም የተሠራች ራሌ። አባባ የምንላቸው አያቴ ነዷት። አባቴና አክስቴ ነዷት። እኔና እህቴ ነዳናት። አሁን ደግሞ የእህቴ ልጅ ቁመቷ ሳይደርስ ትታገላታለች። ስለ እሷ መጻፍ ከፈለግኩ ቆየሁ። አሮጌ ዕቃ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ትዝታ ይሄዳል፤ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን አያያዙ ነው። ከስልሳ ዓመት በላይ የሠራች ሳይክል ዛሬም አዘዞ ወርዳ የምትመለሰው ሰው ስለያዛት ነው። እንዴት እንደተያዘች ልንገራችሁ።

አባባ የጤና ሰው ነበሩ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት፣ ጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒታሪያን አንድ ላይ እያሠለጠነ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። አባባ ሳኒታሪያን ሆኑ። ሥራቸው ምንጭ ማጎልበት፣ መጸዳጃ ማስቆፈር፣ ገበሬውን ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ወባ ማስተማር ነበር። የደረሳቸው ደግሞ ደምብያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገሪቱ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ስንት ሰው እንደጨረሰ የዚያ ዘመን ሰው አይረሳውም። በዓመቱ ወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ደምብያ ከጣና በላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ውኃ የሚተኛበት፣ ትንኝ የማይጠፋበት። ከመንደር መንደር በእግር ሲዞር ቀኑ ያልቃል። በበቅሎ ይሄድ እንዳይባል አባባ በቅሎ አልነበራቸውም።

ሳይክሏን የገዙት ኮሌጁ ውስጥ ሲያስተምር ቆይቶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነው። ሚስታቸው እማማ በዚህ ነገር ዕድሜ ልካቸውን ሲያነሱት ኖረዋል። «በዚያ ገንዘብ እኮ አንድ በሬ ይገዛ ነበር!» ይላሉ። አባባም «በሬው እስካሁን ይኖር ነበር?» ብለው ይመልሳሉ። ይህን ንግግር ቤታችን ውስጥ ያልሸመደደው የለም።

መቼ እንደተገዛች ግን አንድ ሰሞን ክርክር ተነስቶ ነበር። አባባ «በ1952 ነው» ይላሉ። አባቴ ልጅ ሆኖ የኋላውን ጎማ ሲያጸዳ መሃሉ ላይ ያለው ብረት ላይ የተቀረጸ ቁጥር አገኘ። 58 ይላል፣ ከጎኑ 7። «አባባ ተሳስተዋል፣ 1958 መጋቢት ነው የተሠራችው» ብሎ ቤቱን አመሰው። ገና ያልተሠራች ሳይክል እንዴት በ1952 ተገዛች? ነገሩ የተፈታው ኋላ ነው። ያ ብረት የማርሽ ቤት ነው፤ የሠራው ስተርሚ አርቸር የሚባለው ድርጅት ነው። ድርጅቱ ማርሹ የተሠራበትን ዓመትና ወር ብረቱ ላይ ይመታ ነበር፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለት ነው። 1958 ሰባተኛው ወር በእኛ የ1950 ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ነው። አባባ ልክ ነበሩ። አሮጌ ራሌ ቤታችሁ ካለ የኋላውን ጎማ መሃል በጨርቅ ጠርጉና እዩ፤ ሦስት ማርሽ ከሆነ ዕድሜውን ራሱ ይነግራችኋል።

ደምብያ ላይ የሳይክል ጠላት ዳገት አይደለም፣ ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ ያ ጥቁር አፈር ጎማው ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ጎማውና ፓራፋንጎው መካከል ገብቶ ይጠቀጠቃል። ትንሽ ሄድ እንደተባለ ጎማው መዞር ያቆማል። አባባ ከኮርቻው ስር ጫፉ የተሾለ የወይራ እንጨት ያስሩ ነበር። እየወረዱ ጭቃውን ይፈለቅቃሉ፣ ትንሽ ይነዳሉ፣ ደግሞ ይወርዳሉ። ጭራሽ ሲብስ ሳይክሏን ትከሻቸው ላይ አድርገው ይሻገራሉ። ይህን ያዩ የደምብያ ሰዎች «ዛሬስ ፈረሱ ባለቤቱን ጋለበው» እያሉ ይስቁ እንደነበር አባባ ራሳቸው ደስ እያላቸው ያወሩታል። በጋ ሲሆን ደግሞ ዋልካው ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ጎማ ይውጣል። መድኃኒቱ ከብት የረገጠውን ዱካ ይዞ መንዳት ነው።

ያ የወይራ እንጨት እስካሁን አለ። አሁን ጭቃ ሳይሆን የካቴናውን ጥርስ ቆሻሻ እናወጣበታለን።

ቅዳሜ ከሰዓት አባባ ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ዋናው ፈተና ዳገቱ ነበር። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ፒያሳ ከ2,100 በላይ ናት። አብዛኛው ከፍታ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ከአዘዞ ወደ ከተማ ሲወጣ ነው፤ ሰው ደክሞ፣ ፀሐይ ከጀርባ እየመታች። እዚህ ጋ ነው ሦስቱ ማርሽ ዋጋቸው የሚታየው። ሁለተኛው እንዳለ ነው፣ የካቴናውን ዙር በቀጥታ ለጎማው ያስተላልፋል። ሦስተኛው ፍጥነቱን በሲሶ ይጨምራል። አንደኛው በሩብ ይቀንሳል፣ ለዳገት። ዛሬ ሃያ አንድ ማርሽ ላላቸው ሳይክሎች ይህ ምንም ሊመስል ይችላል። አዘዞን በእሷ ለወጣ ሰው ግን ያቺ ሩብ በመንዳትና በመግፋት መካከል ያለች ልዩነት ናት።

አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ስሙ። ይህ ማርሽ በሁለተኛና በሦስተኛ ሲነዳ ጥቅ ጥቅ ይላል። በአንደኛ ግን ዝም ነው። ውስጡ ያሉት ትናንሽ ምላሶች በአንደኛው ማርሽ ስለሚታጠፉ ነው የሚጠፋው። አባቴና አክስቴ ልጆች ሆነው በር ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር። አባባ ዳገቱን ጨርሰው ማርሽ ሲቀይሩ ጥቅጥቅታው ይጀምራል። ያኔ አክስቴ እቴቴ ሮጣ ለእማማ ትነግራለች። ቡናው ይቀርባል።

ቁልቁለቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ፍሬኗ ካቦ የለውም። ከእጀታው እስከ ጎማው በቀጭን የብረት ዘንግ የተያያዘ ነው። ፍሬን ሲያዝ ዘንጉ ላስቲኩን ወደ ላይ ስቦ ከቸርኬው የውስጥ ፊት ጋር ያጣብቀዋል። ካቦ ስለሌለው አይበጠስም፣ ውስጥ ለውስጥ አይዝግም። ደረቅ ሲሆን አይከፋም። ዝናብ ሲነካው ግን ክሮሙ ይሟልጫል፤ ላስቲኩ ይይዝ አይመስልም። ስለዚህ የቤታችን ሕግ አንድ ነው። ዝናብ ከጣለ ቁልቁለት ላይ ወርዶ መግፋት። አባባ ይህን ሕግ ሲያወጡ ማንንም አላስፈቀዱም፣ ማንም አልጣሰውም። የእህቴ ልጅ መንዳት ሳትማር በፊት የተማረችው ይህንን ነው።

አሁን ወደ አያያዙ።

የማርሹ ቤት ቀጭን ዘይት ይፈልጋል። ጎኑ ላይ ትንሽ ክዳን አለች፤ ያቺን ከፍቶ አንድ የሻይ ማንኪያ የማትሞላ ዘይት ማፍሰስ ነው። አባባ የሚያደርጉት የስፌት መኪና ዘይት ነበር፤ እኛም አልቀየርንም። ቆይቶ ሳይክሏ አንድ ጋራዥ ገብታ ነበር፤ የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ባለሙያው ደግ የሠራ መስሎት ማርሽ ቤቱን በግራሶ ሞላው። በማግስቱ ፔዳሉ ባዶውን ይዞር ጀመር። ያልኳቸው ምላሶች የሚነሱት ከፀጉር ትንሽ በሚወፍር ስፕሪንግ ነው። ግራሶው ጠጥሮ ሲይዛቸው መነሳት አቃታቸው። አባቴ ጠቅላላውን ፈትቶ፣ አንድ በአንድ በላምባ አጥቦ፣ ጋዜጣ ላይ በተራ ደርድሮ መልሶ ገጠመው። እኔ የዚያን ቀን መብራት ያዥ ነበርኩ። ሰዓት የመሰሉ ጥርሶች ናቸው፤ አንድ ትልቅ ቀለበት፣ መሃሉ አራት ትናንሽ ጥርሶች፣ ሁሉም አንዷን ዘንግ ከበው የሚዞሩ። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ በመሠረቱ አልተቀየረም። በዚህ የተነሳ ዛሬም መለዋወጫው ይገኛል። ድርጅቱ ተሽጦ ሥራው ታይዋን ሄዷል፤ ግን ከአሜሪካ የመጣች ዘመዳችን በቦርሳዋ ያመጣችው ስፕሪንግ ኖቲንግሃም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1958 የተሠራ ማርሽ ቤት ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ። እንዲህ ያለ ነገር እኔን በጣም ደስ ይለኛል። ዕቃ ሲሠራ ወደፊት የሚጠግነው ሰው እንደታሰበለት ያስታውቃል።

ማርሹን ማስተካከል ደግሞ ማንም ይችላል። ሁለተኛ ላይ ታደርጉታላችሁ። በቀኝ በኩል ያለው ብሎን ጎኑ ላይ መስኮት የመሰለች ቀዳዳ አለችው። በእሷ ስታዩ፣ ከውስጥ የምትወጣው የቀጭኗ ዘንግ ትከሻ ከዋናው ዘንግ ጫፍ እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ ካቦውን ማጥበቅ ወይም ማላላት ነው። ይህን ቸል ያለ ሰው በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል ባዶ ቦታ ያገኛል። ቆሞ እየረገጠ ከሆነ ደግሞ መሬት ያገኛል።

ኮርቻው ቆዳ ነው፣ ብሩክስ። በርሚንግሃም የተሠራ። የቆዳ ኮርቻ ከሰው ገላ ጋር እየተላመደ ቅርጽ ይይዛል። የእኛው ወደ ግራ ትንሽ ያዘነብላል። አባባ አንድ እግራቸውን ያማቸው ስለነበር ነው። አሁን እኛ ሁላችን የተቀመጥነው በእሳቸው አቀማመጥ ነው። ቅባቱን የሚያዘጋጁት እማማ ነበሩ፤ ሳይክሏን ሲያማርሩ የኖሩት እማማ። ሞራና የማር ሰም በትንሽ ብረት ድስት ያቀልጣሉ። ሲበርድ በጨርቅ እየተነካ ከላይም ከስርም ይቀባል። ከስር ያለው ቆዳ ሻካራ ስለሆነ ይበልጥ ይጠጣል፤ ሰው የሚረሳውም እሱን ነው። ዝናብ ካገኘው በፀሐይ አይደርቅም፣ እርጥብ ሆኖም አይቀመጡበትም፣ ይረግባል። የፌስታል ኮፍያ ሁሌም እኪስ አለ። አፍንጫው ስር ያለችውን ማጥበቂያ ብሎን ያለ ነገር መነካካት ክልክል ነው። አባባ «እሷን የሚነካ እጁን እቆርጣለሁ» ይሉ ነበር። ይህንን ሲሉ ብቻ ነው ሲቆጡ የሰማኋቸው።

ጎማው አያስቸግርም። ሃያ ስምንት ኢንቹን የእንግሊዝ ልክ ሕንዶችና ቻይናዎች ለራሳቸው ሳይክል ስለወሰዱት ጎማም ካላማዳርያም መርካቶ አይጠፋም። ችግሩ ቸርኬ ላይ ነው። የፊቱ 32 ራጂ፣ የኋላው 40 ነው። አሁን ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው 36 ነው። ስለዚህ የኋላው ቸርኬ ሲጣመም ይቀናል እንጂ አይጣልም። ፔዳሉን ከመሃል ዘንጉ ጋር የምትይዘው ሽብልቅም እንዲሁ ናት። ስትወጣ በመዶሻ ነው፤ ግን ከስር በወፍራም ብረት ካልተደገፈ ምቱ ሁሉ ኩሽኔታው ላይ ያርፋል። ልጅ ሆኜ ደጋፊ እኔ ነበርኩ፣ አሁን መዶሻ ያዥ ሆኛለሁ። ማደግ ማለት ይኸው ነው፣ በእኛ ቤት።

አክስቴን ሳላነሳ አላልፍም። እቴቴ መንዳት የተማረችው ተደብቃ ነው። ሴት ልጅ ያኔ ሳይክል ስትነዳ ጎረቤቱ ጉድ ይላል። ደግሞም የእኛዋ የወንድ ናት፣ መሃሏ ላይ ረጅም ብረት አለ፤ በቀሚስ አይወጣባትም። እሷ ግን አንድ እግሯን በብረቱ ስር አሾልካ፣ ወገቧን አጣማ፣ ግማሽ በግማሽ እየረገጠች ለመደች። አባባ አንድ ቀን ደረሱባት። ምንም አላሉም። በማግስቱ ኮርቻውን እስከ ታች አወረዱላት። ከዚያ በኋላ ጤና ጣቢያ ገብታ ስትሠራ በእሷው ትመላለስ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥታለች፤ ጉልበቷ እሺ ባለ ቀን ከግቢ እስከ አስፋልት ትነዳለች፣ ቀጥ ብላ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ።

በደርግ ጊዜ ብዙም የሚወራ የለም። በግርግሩ ሰሞን ጎማዎቿ ተፈትተው ጓዳ ጭድ ስር ተኛች። ነዳጅ በኩፖን ሲሆን ተመልሳ ወጣች፣ አባቴ ማስተማሪያ ቦታው የሚሄደው በእሷ ሆነ። መኪና ያላቸው ቆመው እሷ ስትሄድ ማየት ያስደስተው ነበር።

አባባ ካረፉ በኋላ አንድ ሰው ሊገዛት መጣ። ለቱሪስት ማረፊያው ግድግዳ ላይ ሊሰቅላት። የፋሲልን ግቢ ሊያይ የመጣ እንግዳ ፎቶ ይነሳባታል አለ። ያቀረበው ገንዘብ ጥሩ ነበር፤ ቤታችንም ያኔ ገንዘብ ያስፈልገው ነበር። ሰውየውም ክፉ አልነበረም፣ ከልቡ ወዷታል። ጥቁሩ ቀለሟ፣ በወርቃማ የተሰመረው ጠርዟ፣ የሳቢሳ ዓይነት ረጅም ምንቃር ያላቸው ወፎች የተቀረጹበት የካቴና ጥርሷ ዓይን ይስባሉ። አባቴ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። «ዘይቱን ማን ያደርግላታል?» ሰውየው አልገባውም። እኔ ግን ገባኝ። የተሰቀለች ሳይክል ጎማዋ ይሰነጠቃል፣ ዘይቷ ይጋገራል፣ ቆዳዋ ይደርቃል። የምትነዳ ሳይክል ግን በየሳምንቱ ሰው ይዳስሳታል። የላላ ብሎን ሳይወድቅ ይታያል። አልሸጥናትም። ዛሬም ቢሆን ቅርስ ጠባቂ ነን ባዮች «እንዳትነኳት፣ አስቀምጧት» ሲሉን አልስማማም። የአባባን ሳይክል የሚጠብቃት የሚነዳት ነው፤ በዚህ ላይ ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ አላገኘሁም።

አሁን ተራው የእህቴ ልጅ ነው። እሑድ በማለዳ፣ ባጃጆች ሳይበዙ፣ መስቀል አደባባይ እንወስዳታለን። በብረቱ ስር መንዳቱን እንደ እቴቴ ራሷ አገኘችው፣ ማንም አላሳያትም። ጎረምሶች ዘመናዊ ሳይክላቸውን አቁመው «እስቲ አንዴ» ይሏታል። ትሰጣቸዋለች፤ ግን መጀመሪያ ታስጠነቅቃቸዋለች፦ ማርሽ ሲቀየር መርገጥ አቁሙ፣ ብሎኗን አትንኩ።

ከመስቀል በኋላ፣ ዋልካው ሲጠነክር፣ እስከ ጎርጎራ ልንወርድ አስበናል። ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አባባ የሠሩባቸው መንደሮች መንገድ ላይ ናቸው፣ ቆላ ድባ ላይ ሻይ እንጠጣለን። በየተራ እየነዳን፣ ሌሎቻችን በሚኒባስ እየተከተልን። ስንመለስ ዳገቱን ማን ይወጣዋል የሚለው ገና አልተወሰነም፤ እህቴ እኔ ነኝ ትላለች፣ አባቴ ደግሞ ዝም ብሎ ጎማ ይነፋል።

ከዚያ በፊት የጎደለን አንድ ነገር ነው። የፊት መብራቷ መስታወት ተሰንጥቋል፣ በዲናሞ የሚሠራው ክቡ የድሮ መብራት። ቤታችሁ ጓዳ ውስጥ፣ ወይም አያታችሁ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ካለ ንገሩኝ። ብርጭቆው ብቻ ቢሆንም ይበቃናል።